የአያቶቻችን ጠመንጃ፦ አሮጌ የጦር ሜዳ ጠመንጃን ስለ ማደስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው አሜሪካ ነው። ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ ጋራዤ ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ እጠግናለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ የጦር መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው መሸጥ ሲጀምሩ ወገኖቻችንም መግዛት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረት ነው ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የገዛሁት ጠመንጃ ምን ዓይነት እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

ጽሑፉን አንብቡ። በርሜሉ ሥር፣ ጥይት የሚገባበት ክፍል ላይ፣ የፋብሪካ ስም፣ ዓመትና ቁጥር ይኖራል። ቆሻሻ ከሸፈነው በዘይት የራሰ ጨርቅ ይበቃል። በቢላ አትፋቁ።

ከኢትዮጵያ ከመጡት ውስጥ በብዛት የማየው ካርካኖ ነው። ጣሊያን በ1891 ያወጣው፣ 6.5 ሚሊሜትር ጥይት የሚበላ፣ ስድስት ጥይት ከነማቀፊያው የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። በርሜሉ ላይ ቴርኒ ወይም ብሬሻ የሚል የከተማ ስም ታገኛላችሁ። በፋሺስት ዘመን የተሠራ ከሆነ ከዓመቱ አጠገብ የሮማውያን ቁጥር አለ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 ጀምሮ ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ XIV (14) የሚል ካያችሁ ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ወረራው በተካሄደበት ዓመት ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስይዝ እጄ ለአፍታ ይቆማል። ሊገድለን ተሠርቶ፣ ምናልባት አርበኛ ማርኮት፣ እኛው ዘንድ ያረጀ ብረት ነው።

ቬተርሊ ደግሞ የዓድዋ ጠመንጃ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያን ወታደር በአብዛኛው የያዘው አዲሱን ካርካኖ ሳይሆን ይህን 10.4 ሚሊሜትር ቬተርሊ ነበር። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራ ነው፤ የ1874 ሥሪት ሆኖ ጥይቱ 11 ሚሊሜትር ነው። ስናድር የእንግሊዝ ሲሆን በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር እስከ መቅደላ የመጣው እሱ ነው። በልጅግ ስሙ እንደሚናገረው የቤልጅግ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተገዛ፣ ማውዘር በሚባለው የጀርመን ንድፍ የተሠራ ሆኖ 7.92 ሚሊሜትር ጥይት ይተኩሳል። አንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ታትሞባቸዋል። አንበሳ ያለበት ካገኛችሁ ቀስ በሉ። የምለውን እስክትጨርሱ አትንኩት።

ከመነካካቴ በፊት ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ሻጩ ባዶ ነው ቢልም፣ አባታችሁ ባዶ ነው ቢሉም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ምላጩን አትንኩ፣ ቦልቱን፣ ማለትም ጥይት የሚያጎርሰውንና በርሜሉን ከኋላ የሚዘጋውን ተንሸራታች ብረት፣ ስባችሁ ክፈቱና በዓይናችሁ እዩ። በጣታችሁም ዳስሱ። በርሜሉ ውስጥ የተቀረቀረ ነገር ካለ፣ ወይም ቦልቱ አልከፈት ካለ፣ በመዶሻ አትምቱት። ለባለሙያ ውሰዱት። አርባና አምሳ ዓመት ጥይት ጎርሶ የቆየ ጠመንጃ ያለ ነገር ነው።

ቀጥሎ ፎቶ አንሱ። ከሁሉም ጎን፣ እያንዳንዱን ማኅተም፣ እያንዳንዱን ስንጥቅ። ከዚያ ነው ካቻቪቴ የሚነሳው። ካቻቪቴውም የብሎኑን ቦይ ጥግ እስከ ጥግ የሚሞላ መሆን አለበት። ጠባብ ካቻቪቴ ተንሸራቶ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። የተበላ ብሎን ደግሞ ተመልሶ አይድንም። ብሎኑ ከያዘ ዘይት ጠብ አድርጉበትና ለነገ አሳድሩት። ጉልበት ከመጨመር አንድ ሌሊት መታገሥ ይሻላል።

ማደስ ስትል አዲስ ማስመሰል ማለትህ ነው?

አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ለእኔ ማደስ ማለት ጥፋቱን ማቆም ነው። ዝገቱ እየበላው ከሆነ ዝገቱን ታቆማላችሁ። እንጨቱን ነቀዝ እየጨረሰው ከሆነ ነቀዙን ትገድላላችሁ። ከዚያ በላይ የሚደረገው አብዛኛው ነገር ታሪክ መደምሰስ ነው። የመጨበጫው መወልወል፣ በማንገቻው የተበላው የእንጨት ጠርዝ፣ በሰደፉ ላይ በቢላ የተቀረጸው መስቀል፣ ይህ ሁሉ ጠመንጃው የት እንደዋለ የሚመሰክር ነው። ጠመንጃው ከፋብሪካ ሲወጣ ከሌሎች መቶ ሺዎች ጋር አንድ ነበር። ልዩ ያደረገው ከዚያ በኋላ የደረሰበት ነው።

አንድ ወዳጄ አንበሳ ያለበት በልጅግ ነበረው። እንዲያምርለት ብሎ ለአንድ ጠመንጃ ሠሪ ሰጠው። ሰውዬው በሚሽከረከር መወልወያ ብረቱን መስታወት አስመስሎ፣ አጥቁሮ መለሰለት። አንበሳው ግን የለም። ዘውዱም መስቀሉም ተፍቀው፣ በጣት ሲዳስሱት ትንሽ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ወዳጄ ከፍሎ ነው ያስጠፋው። እኔም አብሬው አዝኜ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ዝገቱን በምን ላስለቅቅ?

ሁለት ዓይነት ዝገት አለ። ቀዩ የሚበላው ነው። ጥቁሩ ወይም ቡናማው፣ ለስላሳና ደረቅ የሆነው፣ መብላቱን አቁሞ የተኛ ነው። ጥቁሩን ተዉት። ብረቱን ከአየር የሚጋርደው ራሱ ነው።

ለቀዩ በጣም ቀጭኑን የብረት ሱፍ ያዙ። አራት ዜሮ የሚል ቁጥር ያለበትን ነው የምላችሁ። በቀላል ዘይት አርሱትና ቀስ ብላችሁ እሹ። ዘይቱ ሲቀላ በጨርቅ ጠርጉ፣ እንደገና ዘይት፣ እንደገና እሹ። ደረቁን አትፈትጉ። ኮምጣጤና ዝገት አጥፊ አሲድ ዝገቱን ይዘው የቀረውን የድሮ ጥቁረትም አብረው ያነሱታል። እኔ አልጠቀምባቸውም።

የተሻለው ዘዴ ማፍላት ነው። ቅባቱ በደንብ የለቀቀ ብረት በተጣራ ውሃ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሲፈላ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ዝገት ይለወጣል። ሲወጣ ከሰል የተቀባ ይመስላል። ያንን በንጹሕ፣ ቅባት በሌለው የብረት ሱፍ ቀለል አድርጋችሁ ስትጠርጉት ከሥሩ የጠፋ የመሰላችሁ የድሮ ጥቁረት ብቅ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዩት ትደነግጣላችሁ። ወዲያው ዘይት ቀቡት። ድሮ ብዙ ፋብሪካ በርሜል ያጠቁር የነበረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሆን ብለው አዝገው፣ አፍልተው፣ ጠርገው፣ ያንኑ ደጋግመው።

ታዲያ እንደገና ባጠቁረውስ?

በርሜሉ ሙሉ በሙሉ ነጥቶ ላብና እርጥበት የሚበላው ከሆነ ይቻላል። ካልሆነ አትንኩት። ከማጥቆራችሁ በፊትም የትኛው ክፍል ከፋብሪካ ነጭ ሆኖ እንደወጣ እወቁ። የብዙ ማውዘር ቦልት መጀመሪያውኑ አልጠቆረም። ሁሉንም አንድ ዓይነት ጥቁር ያደረገ ሰው ያደሰ ሳይሆን የቀባ ነው። ከሱቅ የሚገዛው በጨርቅ የሚቀባ ማጥቆሪያ ደግሞ ቶሎ ይለቃል፤ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።

እንጨቱ ደርቋል፣ ጠቁሯል። በብርጭቆ ወረቀት ልፈትገው?

በፍጹም። የብርጭቆ ወረቀት የፋብሪካ ተቆጣጣሪውን ማኅተም ያጠፋል፣ ጠርዙን ያከብባል፣ እንጨቱንም ከብረቱ በታች ያወርደዋል። አንድ ጊዜ የተፈተገ እንጨት ከሩቅ ይታወቃል።

መጀመሪያ በሚነራል ስፒሪት (የቀለም ማቅጠኛ ነው)፣ እሱ ከሌለ በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ቆሻሻውን አንሱ። ሳሙናና ብዙ ውሃ እንጨቱን ያሳብጠዋል። የተሰረጎደ ቦታ ካለ እርጥብ ጨርቅ አድርጉበትና የጋለ ካውያ ለጥቂት ሴኮንድ አሳርፉ። እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን እንጨት መልሶ ያስነሳዋል። ማኅተም ባለበት አካባቢ ግን አታድርጉት፤ ማኅተሙም ስርጉድ ስለሆነ አብሮ ይነሳል።

ቀጥሎ የተልባ ዘይት ነው። አዎ፣ ያው እኛ አገር የሚመረተው ተልባ። የድሮ ወታደሮችም በብዛት የሚቀቡት እሱን ነበር። ጥቂት ጠብታ በመዳፋችሁ አድርጉና እንጨቱ እስኪሞቅ እሹት። ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጥረጉ። በቀን አንዴ፣ በስስ በስሱ። ብዙ አድርጎ መቀባት እንጨቱን የሚያጣብቅ ያደርገዋል፤ ለሳምንታትም አይደርቅም።

አሁን አንድ ማስጠንቀቂያ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተቀመጠ ራሱን በራሱ ያቃጥላል። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን ይይዛል። እኔ አንድ ክረምት ጨርቁን ጠቅልዬ ካርቶን ላይ ትቼ እራት ልበላ ገባሁ። ስመለስ ጋራዡ ያረረ ዘይት ይሸታል፣ ከጥቅሉ መሃል ጭስ ይወጣል። ልጆቼ ግድግዳው ማዶ ተኝተው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨርቁን ወዲያው ውሃ ውስጥ እነክራለሁ፣ ወይም ውጭ ዘርግቼ አሰጣለሁ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ጠፍሩን ፈትቼ በሙጫ ላጣብቀው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ፎቶ እንዲልክልኝ እለምነዋለሁ፤ ማየት ስለምወድ ነው።

እኔ ዘንድ አንድ ካርካኖ አለ። መጨበጫው ላይ፣ እንጨቱ ከሚቀጥንበት፣ ተሰንጥቋል። የሆነ ሰው፣ የሆነ ጊዜ፣ እርጥብ ቆዳ ጠቅልሎ ሰፍቶበታል። ስፌቱ ከሥር በኩል ነው፣ እጅ እንዳይከረክር። ጥሬ ቆዳ በእርጥቡ ተወጥሮ ተሰፍቶ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሞርሳ ይሆናል። ስንጥቁ ውስጥ ዛሬም ወረቀት አይገባም። ያ ሰው ፋብሪካ አልነበረውም፣ መለዋወጫ አልነበረውም። የነበረው ቆዳ፣ ወስፌና እጅ ብቻ ነው። የሠራው ግን ከጣሊያኑ እንጨት ራሱ በላይ ጠንክሮ ቆይቷል።

ስለዚህ አትፍቱት። ቆዳውን ውሃ አታስነኩት፣ ዘይትም አታጠጡት፤ ይለሰልስና ይላላል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አንሱለት፣ በቃ። በሽቦ የታሰረውንም፣ በቆርቆሮ የተጠገነውንም እንዲሁ።

ጥገና የሌለው ክፍት ስንጥቅ ከሆነና ጠመንጃው ሊተኮስበት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ስንጥቁ ውስጥ ዘይት ካለ ሙጫ አይዝም። በአሴቶን ደጋግማችሁ አጽዱ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ኤፖክሲ አስገብታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ነቀዝ ካለበት ደግሞ እንጨቱን ከብረቱ ለዩና በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ሙዚየሞችም ነፍሳትን በብርድ ይገድላሉ።

በግራሶ ተለውሶ የመጣውስ?

ይህ በአብዛኛው የምሥራቅ አውሮፓ ጠመንጃ ነው። ከኢትዮጵያ የመጡት አቧራ እንጂ ግራሶ የላቸውም። ግራሶው ሲሞቅ ይለቃል። ፈታትታችሁ ፀሐይ ላይ በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አውሉት፣ የቀለጠውን ጥረጉ፣ የቀረውን በሚነራል ስፒሪት እጠቡ። በቦልቱ ውስጥ ያለውን አትርሱ። መምቻው ላይ የደረቀ ግራሶ ጥይቱ እንዳይፈነዳ ወይም ሳይታሰብ እንዲፈነዳ ያደርጋል።

ላሻሽለው እፈልጋለሁ። ማነጣጠሪያ መነጽር ባስገጥምበት፣ በርሜሉን ባሳጥረውስ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ይህ ፋሽን ነበር። በርካሽ የተገዛ ማውዘር እንጨቱ ተቆርጦ፣ በትራፓኖ ተበስቶ፣ የአደን ጠመንጃ ይሆን ነበር። ያኔ ርካሽ ስለነበረ ማንም አላዘነም። ዛሬ ያልተነካው በውድ ሲሸጥ የተቆረጠው ገዢ ያጣል።

ካርካኖን ማሳጠር ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። የረጅሙ ካርካኖ የበርሜል ውስጥ ጠመዝማዛ ከሥር ላላ ብሎ ይጀምርና ወደ አፈሙዙ እየጠበቀ ይሄዳል። ጥይቱን አጥብቆ የሚያሽከረክረው የመጨረሻው ክፍል ነው። ከጫፉ ስትቆርጡ የምትጥሉት በጣም የሚያስፈልጋችሁን ነው። የጣሊያን ጦር ራሱ ከ1924 ጀምሮ ረጃጅሞቹን ቆርጦ አጭር ሲያደርጋቸው ይህንኑ አጥቷል።

ማሻሻል ካለባችሁ ተመልሶ የሚነሳ ነገር ብቻ አድርጉ። ሳይበሳ በነባሩ ማነጣጠሪያ ቦታ የሚገባ የመነጽር ማቀፊያ አለ። ሰደፉ ላይ የሚለበስ ጎማ አለ። አዲስ ማንገቻ ግዙ፣ አሮጌውን ግን አስቀምጡት። ነባሩን ክፍል ያወጣችሁ እንደሆነ ስሙን ጽፋችሁ በከረጢት አኑሩት።

መተኮስ ይቻላል?

አንዳንዱ ይቻላል፣ አንዳንዱ በፍጹም አይቻልም። እኔ ባለሙያ ሳያየው አንድም አልተኩስም።

ባለሙያው መጀመሪያ የሚለካው ቦልቱ ሲዘጋ በቦልቱና በጥይቱ ቂጥ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ነው። ለዚህ የተሠራ መለኪያ አለ። ክፍተቱ ከበዛ ቀለሁ ይቀደዳል፣ ትኩስ ጋዝ ወደ ፊታችሁ ይመለሳል። ከኢትዮጵያ የመጡት ብዙ እጅ ያለፉና ክፍላቸው የተቀያየረ ስለሆነ ይህ ለእነሱ የግድ ነው። ማውዘር ላይ የቦልቱና የአካሉ ቁጥር መግጠሙን ማየት ትችላላችሁ። ካርካኖ ግን ቦልቱ ላይ ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ መለካት ብቻ ነው መፍትሔው።

ውጅግራና ስናድር የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። ዘመናዊ ባሩድ ግፊቱ ሌላ ነው፤ ይሰብራቸዋል። ቬተርሊ ከሆነ ደግሞ በ1915 እና 1916 ጣሊያን ጠመንጃ አንሷት ብዙዎቹን በውስጣቸው ቱቦ አስገብታ 6.5 ሚሊሜትር አድርጋቸዋለች። አካሉ ግን ያው የጥቁር ባሩድ ዘመን አካል ነው። እኔ ዘንድ ያለው ግድግዳ ላይ ነው፣ እዚያው ይኖራል።

ካርካኖ ላይም ተጠንቀቁ። በ1938 ጣሊያን 7.35 ሚሊሜትር የሚተኩስ አውጥታ ነበር፤ ከውጭ ሲያዩት ከ6.5ቱ ጋር መንታ ነው። ጽሑፉን ሳታነቡ ጥይት አትግዙ።

ከተኮስኩ በኋላ በዘይት ብወለውለው አይበቃም?

ጥይቱ አሮጌ የጦር ጥይት ከሆነ አይበቃም። የድሮው ማቀጣጠያ ሲቃጠል ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ በአንድ ሌሊት በርሜሉን ያዝገዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ውሃ ነው የሚያሟሟው። የፈላ ውሃ በርሜሉ ውስጥ አፍስሱ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ፣ ከዚያ ዘይት። የመወልወያው ዘንግ የአፈሙዙን ጠርዝ እንዳይፈትግ ከኋላ በኩል አስገቡ። ካርካኖም ማውዘርም ቦልታቸው ስለሚወጣ ይመቻሉ።

ሕጉስ?

አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ይቆጠራል፤ አገዛዙም ቀላል ነው። 50 ዓመት የሞላው ደግሞ ለሰብሳቢዎች በሚሰጥ ፈቃድ ሊገዛ ይችላል፣ ነባር ይዘቱን እንደጠበቀ ከሆነ። የቆረጣችሁት እንደሆነ ያንን መብት ልታጡ ትችላላችሁ። የየግዛቱ ሕግ ግን ይለያያል፤ የምትኖሩበትን ጠይቁ። አስመጪው ስሙንና ጠመንጃው የተሠራበትን አገር ብረቱ ላይ ማተም ግዴታው ነው። አስቀያሚ ነው፣ ግን አትፋቁት። መለያ ቁጥርን መፋቅ ደግሞ ወንጀል ነው።

አገር ቤት የአያቴ ጠመንጃ አለ። እዚያው ላሳድሰው ወይስ ላመጣው?

ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዓ.ም. አለ። ያለ ፈቃድ መያዝም መጠገንም አይቻልም። የአያት ቅርስ መሆኑ ፈቃዱን አያስቀርም። ቤተሰባችሁ ፈቃድ ከሌለው መጀመሪያ እሱን ያስተካክል። በሻንጣ ይዞ መውጣት ደግሞ በሁለት በኩል ያስጠይቃል፤ ጠመንጃ ነው፣ ቅርስም ሊሆን ይችላል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የተከለከለ ነው። እዚያው ይኑር። እናንተ በፎቶ ማኅተሙን ላኩልኝ፣ ምን እንደሆነ አብረን እናነባለን።

የት ላስቀምጠው?

ልጅ በማይደርስበት፣ በቁልፍ። ከቆዳ ወይም ከጨርቅ ማኅደር ውስጥ አውጥታችሁ፤ ማኅደር እርጥበት ይይዛል። ብረቱን በስስ ዘይት ወይም ለእንግሊዝ ሙዚየም ሥራ በተዘጋጀው ረነሳንስ በተባለው ሰም ቀቡት። በባዶ እጅ ከነካችሁት ከመመለሳችሁ በፊት ጥረጉት፤ የጣት አሻራ በወር ውስጥ ዝገት ሆኖ ይነበባል።

ማን ይዞት እንደነበር ማወቅ እችላለሁ?

ከመጋዘን የወጣ ከሆነ ስም ማግኘት ከባድ ነው። ሰደፉ ላይ ግን በጎን ብርሃን እዩ። መብራቱን በእንጨቱ ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን ስታበሩበት ፊት ለፊት የማይታይ ጭረት ጥላ ያወጣል። እኔ ቆዳ በታሰረው ካርካኖ ላይ ለሁለት ዓመት ያላየሁትን ያገኘሁት እንደዚያ ነው። መስቀል አለ፣ ከሥሩ "ወ" የሚል ፊደል አለ፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል በእጅ ብዛት ተወልውሎ አልቋል። ወልዴ ይሁን ወርቁ አላውቅም። ቤተሰብ ውስጥ የቆየ ከሆነ ግን የሚያውቁት ሰዎች ገና አሉ። ዛሬ ደውላችሁ ጠይቋቸው፣ የሚሉትን በወረቀት ጻፉና ከጠመንጃው ጋር አኑሩት።